ሳይወሰን መድረስ፦ በካሊፎርኒያ የከተማ ምክር ቤት ፊት በአማርኛ መናገር

ከሱቄ ፊት ለፊት ስምንት መኪና ማቆሚያ ነበረ። ሠራተኞች መጥተው የእግረኛ መንገዱን ጠርዝ መኪና ማቆም ክልክል ነው የሚለውን ቀይ ቀለም ሲቀቡት ውሳኔው ከተላለፈ ሰባት ሳምንት አልፎት ነበር። እንጀራና በርበሬ ሊገዙ የሚመጡት ደንበኞቼ አብዛኞቹ እናቶች ናቸው፤ ሃያ አምስት እንጀራ ተሸክመው ሁለት መንገድ እንዲያቋርጡ የፈረደባቸው ማን እንደሆነ ለመጠየቅ ወደ ከተማው ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። የተሰጠኝ መልስ አንድ ወረቀት ነው። የስብሰባው አጀንዳ ነበር፤ ተራ ቁጥር 9 ላይ የመንገዳችን ስም ሰፍሯል። ወረቀቱ ከስብሰባው ሦስት ቀን አስቀድሞ ተለጥፎ ነበር። ያነበበው የሰፈራችን ሰው ግን አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ሕጉን አጥንቻለሁ። በካሊፎርኒያ የብራውን ሕግ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1953 የወጣው ማይክል ሃሪስ የተባለ የሳን ፍራንሲስኮ ጋዜጠኛ የአካባቢ ምክር ቤቶች ከሕዝብ ተሰውረው እንደሚወስኑ በተከታታይ ከጻፈ በኋላ ነው፤ ስሙን ያገኘው ከሞዴስቶ ከተማ ተመርጦ የካሊፎርኒያ ሕግ አውጪ ምክር ቤት አባል ከነበረው ከራልፍ ብራውን ነው። መግቢያው ላይ፣ ሕዝቡ የሚያገለግሉትን መሥሪያ ቤቶች ስላቋቋመ ሉዓላዊነቱን አሳልፎ አልሰጣቸውም የሚል ሐሳብ አለበት። ይህን ወደ አማርኛ መልሼ ከሒሳብ መቀበያው በላይ ለጥፌዋለሁ። ሕጉ የከተማ ምክር ቤትን ብቻ ሳይሆን የካውንቲ ቦርድን፣ የትምህርት ቦርድን፣ ቋሚ ኮሚቴዎቻቸውንም ይገዛል። ልጆቻችሁ የሚማሩበት ትምህርት ቤት ጉዳይ የሚወሰነውም በዚሁ ሥር ነው።

ሥራው ሁሉ የሚጀምረው ከአጀንዳው ነው። ለመደበኛ ስብሰባ አጀንዳው ቢያንስ ከ72 ሰዓት በፊት፣ ለልዩ ስብሰባ ከ24 ሰዓት በፊት ማንም ሊያየው በሚችል ቦታ መለጠፍ አለበት፤ ድረ ገጽ ካላቸው እዚያም ላይ ይወጣል። በአጀንዳው ላይ ያልተጻፈ ጉዳይ፣ ከጥቂት አስቸኳይ ሁኔታዎች በቀር፣ ሊወሰንበት አይችልም። ታዲያ የእያንዳንዱ ጉዳይ መግለጫ አብዛኛውን ጊዜ ከ20 ቃላት አይበልጥም። «የመንገድ ዳር ምልክት ማሻሻያ» የሚል ካያችሁ አትለፉት፤ የእኔ ስምንት ማቆሚያዎች የጠፉት በዚህ ዓይነት ስም ነው። ዋናው ነገር ያለው ከአጀንዳው ጋር በሚያያዘው ጥራዝ ውስጥ ነው፦ የባለሙያው ሪፖርት፣ ካርታው፣ ወጪው። ለአባላቱ የታደለው ሰነድ፣ በሕግ ምስጢር ካልሆነ በስተቀር፣ ለእናንተም ክፍት ነው። የመንገዳችሁን ስም በጥራዙ ውስጥ ፈልጉት።

በተለይ አንድ ክፍል በጥንቃቄ ይታይ። ከአጀንዳው መጀመሪያ አካባቢ ያለ ክርክር በአንድ ድምፅ በጅምላ የሚጸድቁ ጉዳዮች ዝርዝር ይኖራል። እዚያ ውስጥ የቢሮ ወረቀት ግዥም አለ፣ የሰው ኑሮ የሚያናጋ ነገርም አለ። ተራ ቁጥር 9 የነበረው እዚያ ነው፤ ከሌሎች አሥራ አራት ጉዳዮች ጋር ሲያልፍ አንድም ቃል አልተነገረበትም። ከዚህ ዝርዝር ውስጥ የሚያሳስባችሁ ነገር ካለ፣ ለወረዳችሁ ተመራጭ ከስብሰባው በፊት ደውላችሁ ለብቻው ወጥቶ እንዲታይ ጠይቁ። ባይወጣም እንኳ ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት በጉዳዩ ላይ የመናገር መብት አላችሁ።

በየሳምንቱ ሰሌዳ ማየት ለማይመቸው፣ አጀንዳው በፖስታ እንዲላክለት ለከተማው ጸሐፊ በጽሑፍ መጠየቅ ይችላል። ከማባዣና ከፖስታ ወጪ በላይ አያስከፍሉም። ጥያቄው የሚያገለግለው ለዚያ የፈረንጅ ዓመት ብቻ ስለሆነ ጃንዋሪ ሲገባ ይታደስ።

በአዳራሹ ለመቀመጥ ዜግነት አያስፈልግም። ብዙ ወገኖቻችን መኖሪያ ፈቃድ ብቻ ስላላቸው ይፈራሉ፤ ሕጉ ግን ማንኛውም ሰው ይገባል ነው የሚለው። ስም መመዝገብ የመግቢያ ግዴታ ሊሆን አይችልም፤ መዝገብ ከተዘረጋም በፈቃደኝነት መሆኑ በግልጽ ሊጻፍበት ይገባል። ስብሰባውን እስካላወካችሁ ድረስ በስልካችሁ ድምፅና ምስል መቅረጽም ትችላላችሁ።

አሁን ወደ ንግግሩ። በመጀመሪያው ምሽት የጎረቤቴ ልጅ እያስተረጎመችልኝ ተነሣሁ። ለእያንዳንዱ ተናጋሪ ሁለት ደቂቃ ተሰጥቷል። እኔ አንድ ዓረፍተ ነገር እላለሁ፣ ልጅቷ ትተረጉማለች፤ ስለ እናቶቹ ተናግሬ ወደ ኪራዬ ልገባ ስል ቀይ መብራት በራ። ዝም ብዬ ተቀመጥኩ፤ ያ ዝምታ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል፤ ምክንያቱም ሕጉ ከእኔ ጋር ነበር። የንግግር ጊዜ ሲገደብ በአስተርጓሚ የሚናገር ሰው ቢያንስ እጥፉን ያገኛል። ሁለት ከተባለ አራት፣ ሦስት ከተባለ ስድስት። ይህ የማይሠራው ምክር ቤቱ ትርጉሙን በመሣሪያ ከንግግሩ እኩል እየሰማ ከሆነ ብቻ ነው። ስለዚህ ንግግር ሳትጀምሩ በአስተርጓሚያችሁ በኩል ለጸሐፊው «እጥፍ ጊዜ ይገባኛል» በሉ፤ በሕጉ ቁጥር 54954.3 ላይ እንደሚገኝ ጨምሩ። ቁጥሩን በወረቀት ያዙት። በሁለተኛው ምሽት ጠቅሼው ሰዓቱ አራት ደቂቃ ላይ ሲሞላ በዓይኔ አይቻለሁ።

አራት ደቂቃም ቢሆን አጭር ነው። ሰላምታውን አሳጥሩ፤ የአጀንዳውን ተራ ቁጥር፣ የምትፈልጉትን ውሳኔ፣ ከዚያ ምክንያቱን አስቀድሙ። እኔ በአንድ ቅዳሜ ከሱቄ በር ሆኜ ቆጥሬ፣ አርባ አንድ ደንበኞች መኪና አቁመው እንደገቡ ቀኑንና ሰዓቱን ጽፌ ይዤ ነበር። ከቁጣዬ ይልቅ ያንን ወረቀት ነው የተቀበሉኝ። በአጀንዳው ላይ ስለሌለ ጉዳይም በመደበኛ ስብሰባ መናገር ይቻላል፤ ያኔ ሊወስኑ አይችሉም፤ ለሚቀጥለው ስብሰባ እንዲያስገቡት ጠይቁ። ምክር ቤቱን መንቀፍም አይከለከልም። ከሱቄ ፊት ከጠፉት ስምንት ማቆሚያዎች ሦስቱ ለሃያ ደቂቃ ማቆሚያነት የተመለሱት ከአራት ወር በኋላ ነው።

ዝግ ስብሰባም አለ፦ ለፍርድ ቤት ክስ፣ ለመሬት ግዥ ዋጋ ድርድር፣ ለሠራተኛ ጉዳይ። ርዕሱ ግን በአጀንዳ ላይ መውጣት አለበት፤ እዚያ የተወሰኑ ብዙ ነገሮችም ወጥተው በአደባባይ ይገለጻሉ። ከዚህ ውጭ አብዛኞቹ አባላት በስልክም፣ በኢሜይልም፣ እርስ በርስ በመቀባበልም ስለ ጉዳዩ ሊመካከሩ አይችሉም። አምስት አባላት ካሉ ሦስቱ ማለት ነው።

ሕጉ ተጥሷል ብላችሁ ካመናችሁ፣ ለምክር ቤቱ እንዲያርም በጽሑፍ ጠይቁ። የሚፈቀደው ጊዜ 90 ቀን ነው፤ ውሳኔው በግልጽ ስብሰባ ላይ ተላልፎ ጉድለቱ የአጀንዳው ከሆነ ግን 30 ቀን ብቻ ነው። ምክር ቤቱ ለማረም 30 ቀን አለው፤ እምቢ ካለ ወደ ፍርድ ቤት መሄጃው 15 ቀን ነው። የእናንተ ደብዳቤ ማስገቢያ ቆጠራ የሚጀምረው ውሳኔው ከተላለፈበት ዕለት እንጂ እናንተ ከሰማችሁበት ዕለት እንዳይመስላችሁ። የደብዳቤውን ግልባጭ ያስቀሩ፤ የመቀበያ ማኅተሙም ቀን ይኑረው።