ሌሊት መሬት ቢንቀጠቀጥ ምን ይዛችሁ ትወጣላችሁ?

ታኅሣሥ 2017 ላይ፣ ከአዋሽ ፈንታሌ በኩል የተነሳው ርዕደ መሬት አዲስ አበባ ድረስ ሲያወዛውዘን፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ተኝቼ ነበር። የነቃሁት ብፌው ውስጥ ያሉት ብርጭቆዎች ሲንጫጩ ነው። በደረጃው በባዶ እግሬ ሮጥኩ። ታች ጎረቤቱ ሁሉ ጋቢ ተከናንቦ ቆሟል። እጄን ሳየው የያዝኩት የቴሌቪዥን ሪሞት ነው! ስልኬም ቁልፌም ፎቅ ላይ ቀርተዋል።

ሩጫው ራሱ ስህተት ነበር። መሬት እየተንቀጠቀጠ ደረጃ ላይ አይሮጥም። ጠንካራ ጠረጴዛ ስር ግቡና እግሩን ያዙ፤ ጠረጴዛ ከሌለ ከመስኮትና ከብፌ ርቃችሁ ራሳችሁን በክንዳችሁ ሸፍኑ። ሲያቆም በደረጃ ውረዱ፣ ሊፍት አትንኩ። ብፌና ቁም ሳጥን ከግድግዳ ጋር ይታሰሩ፤ ለአናጺ ቀላል ሥራ ነው። ቁም ሳጥኑ ላይ የተቆለለውን ሻንጣም አውርዱት። ሁላችንም ቤት አለ፣ አውቃለሁ።

ውሃ ለአንድ ሰው በቀን 4 ሊትር ያህል አስቡ። አምስት ሰው ለሦስት ቀን 60 ሊትር ይፈልጋል፣ ማለትም ሦስት ባለ 20 ጀሪካን። ውሃ በፈረቃ ለሚያገኝ ሰፈር ጀሪካን መሙላት ብርቅ አይደለም። ችግሩ እነዚህን ሦስቱን ሳይነኩ ማቆየት ነው፤ አንዴ «ለልብስ ትንሽ ልቅዳ» ከተባለ አለቀ። በየጥቂት ወሩ ገልብጣችሁ አድሱት። ሮቶው አለ ብላችሁ አትዘናጉ፣ ቱቦው ከተሰበረ ውሃው የለም። ከጎርፍ በኋላ ደግሞ የቧንቧ ውሃ አፍልታችሁ ጠጡ።

ምግብ ላይ አያቶቻችን ጨርሰውልናል፦ በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽ። በሶ እሳት እንኳ አይፈልግም፣ በጥብጦ መጠጣት ነው።

በር አጠገብ አንድ ቦርሳ ይንጠልጠል። ባትሪ፣ የተሞላ ፓወር ባንክ፣ ጫማ፣ ጋቢ፣ የየዕለቱ መድኃኒት፣ የመታወቂያ፣ የልደት ካርድና የቤት ካርታ ኮፒ በላስቲክ ተጠቅልሎ። ጥሬ ብርም ጨምሩ፣ ያውም ዝርዝር፤ ኔትወርክ ሲጠፋ ቴሌብር የለም፣ ለ200 ብር ደግሞ በዛ ሰዓት ማን መልስ ይሰጣችኋል?

የጋዝ ሲሊንደሩን መዝጋት ቤት ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ይወቅ። ጋዝ ከሸተታችሁ ክብሪት አትጫሩ፣ ማብሪያ ማጥፊያም አትንኩ፣ መስኮት ከፍታችሁ ውጡ። መብራት ጠፋ ተብሎ ከሰል በተዘጋ ክፍል ማንደድ ሳይታይ የሚገድል ነገር ነው።

ወንዝ ዳር የምትኖሩ፣ ሰማዩን ብቻ አትመልከቱ። ድሬዳዋ ላይ በሐምሌ 1998 ደቻቱ ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ሲወስድ፣ ውሃው የመጣው ከላይ ከደጋው ነው። ክረምት ላይ ወንዙ ካጉረመረመ ዕቃ ሳትሰበስቡ ወደ ከፍታ ውጡ።

የአደጋ ጊዜ ስልክ ቁጥሮቹን በሩ ላይ ለጥፉ። አዲስ አበባ ውስጥ እሳት አደጋ 939፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ ፖሊስ 991።

በመጨረሻ ብትጠፋፉ የምትገናኙበትን ቦታ ቁረጡ። የኛ ከጥበቃው ቤት ጎን ያለችው ጽድ ናት። ባለፈው እሁድ ልጆቹን ሞከርኳቸው። ትንሿ ቀድማኝ ደረሰች። ቦርሳውን ግን ሁላችንም ረስተነው ወርደናል።