የጀልባ ሻፍት ጥርስ፦ እቤት ላውጣው ወይስ ቶርኖ ቤት ልውሰደው?

ፕሮፔለሩን ሻፍቱ ጫፍ ላይ የምታስረው ዳዶ ስትወልቅ ድምፅ አላሰማችም። የጮኸው ሞተሩ ነው። ጭነት እንደወረደለት አህያ ፈነጠዘ፣ ጀልባዋ ግን ካለችበት ንቅንቅ አላለችም። ከዘጌ ስመለስ ነበር፣ ደብረ ማርያም ደሴት ልደርስ ትንሽ ሲቀረኝ። ዞር ብዬ ሳይ ሻፍቱ፣ ከሞተሩ ወደ ፕሮፔለሩ የሚሄደው ብረት፣ ባዶውን ይሽከረከራል። ፕሮፔለሩ ጣና ገብቷል።

ውሃው ቀስ እያለ ወደ አባይ መውጫ ይገፋኝ ጀመር። ደግነቱ አንድ አባት በደንገል ታንኳ ሲያልፉ አዩኝና ገመድ ተቀብለው እስከ ዳር ጎተቱኝ። ባለሞተር ጀልባ በታንኳ ሲጎተት ያየ ሁሉ ሳቀ። እኔም ብሆን እስቅ ነበር።

ጥፋቱ የራሴ ነው። ከዚያ በፊት የአሳ መረብ ሻፍቱ ላይ ተጠምጥሞ የድሮውን ጥርስ፣ ዳዶው የሚጠመዘዝበትን፣ በልቶት ነበር። (ሰሜን ዳርቻ የሚሠሩት ጓደኞቼ መረቡም እምቦጩም አለባቸው፣ እኔ ገና አልተማረርኩም።) 20 ሚሊ ብረት ገዛሁ፣ ጫፉን እቤት በግራይንደርና በሞረድ አቅጥኜ በፊሊየራ፣ በእጅ እያዞሩ ጥርስ በሚያወጡበት መሣሪያ፣ የ16 ሚሊ ጥርስ አወጣሁበት። ዳዶው ገባ፣ ጠበቀ። ደስ ብሎኝ ለጎረቤት ሁሉ አሳየሁ። ሦስት ቀን ሠራ።

ከዚያ ወዲህ አንድ ጥያቄ ሳልጠይቅ ብረት አልነካም፤ ይህ ነገር ይሽከረከራል ወይስ ይይዛል? የጣሪያ ብሎን፣ የመልሕቅ ቀለበት፣ የሞተር መቀመጫ፣ እነዚህ ይይዛሉ። ጥርሳቸው ትንሽ ቢጣመም ዳዶው እስከጠበቀ ድረስ ችግር የለም። የሚሽከረከር ግን ሌላ ነው። እዚያ ላይ ጥርሱ ከሻፍቱ መሐል ጋር አንድ መሆን አለበት፣ እሱን ደግሞ እጅ አይሰጣችሁም።

መጀመሪያ የእቤቱን ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ለማንኛውም ብሎን ብረት በማሽን እያዞሩ የሚላጩበት ቶርኖ ቤት መሮጥም ሞኝነት ነው።

ጥሩ ሞርሳ፣ ፊሊየራ ከነመያዣው፣ ሞረድ፣ ካሊፐርና ዘይት ይበቃል። የ12 ሚሊ ብሎን ልትሠሩ ነው እንበል። የተለመደው የ12 ጥርስ እርምጃው፣ ማለትም ከአንዱ ጥርስ ጫፍ እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት፣ 1.75 ሚሊ ነው። ብረቱ ልክ 12 ከሆነ ፊሊየራው እየታነቀ ያስቸግራችኋል፤ 11.8 አካባቢ ይሁን። ጫፉን ዙሪያውን በሞረድ እንደ እርሳስ አሹሉት፣ ግማሽ ያህል ሳይሆን አንድ ሁለት ሚሊ ብቻ። ሰው ሁሉ የሚዘለው ይህችን ነው። ያልሾለ ብረት ላይ ፊሊየራ ቀጥ ብሎ አይቀመጥም፣ ጠማማ የጀመረ ጥርስ ደግሞ መሐል ላይ አይቃናም።

ብረቱን ሞርሳው ላይ ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙት። ፊሊየራ አንድ ፊቱ ሰፋ ያለ መግቢያ አለው፣ በሱ በኩል ጀምሩ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ዙር ወደ ታች እየተጫናችሁ አዙሩ፣ ከሁለት አቅጣጫም ጎንበስ ብላችሁ እዩት። ከፊት ቀጥ ብሎ ከጎን የዘመመ ብዙ አይቻለሁ። ከያዘ በኋላ መጫን ይቅር፣ ራሱ ይወርዳል። ግማሽ ዙር ወደፊት፣ ሩብ ዙር ወደኋላ፣ ቁርጥራጩ እንዲሰበር። ዘይት አትሰስቱ። አንድ ጊዜ ዘይት አልቆብኝ የእናቴን የኑግ ዘይት ተጠቀምኩ። ለለስላሳ ብረት አልከፋም፣ ግን ሲደርቅ እንደ ሙጫ ተጣበቀ፣ እናቴም እስካሁን ታነሳብኛለች።

ለቀዳዳ ውስጥ ጥርስ ደግሞ ሒሳቡ ቀላል ነው፤ ከስፋቱ ላይ እርምጃውን ቀንሱ። ለ12 ከሆነ 10.25 ይመጣል፣ 10.2 መብሻ ይሆናል። ለ16 እርምጃው 2 ስለሆነ 14።

የማይዝግ ብረት ላይ ግን እቤት አትሞክሩ ባይ ነኝ። ካልቆረጣችሁት ይፋተጋል፣ ሲፋተግ ይጠነክራል፣ ከጠነከረ በኋላ የሚበላው ፊሊየራችሁን ነው። በብየዳ የተሞላ ጫፍም እንደዚሁ። አንዳንዱ ያለቀውን ጥርስ በብየዳ ሞልቶ እንደገና ሊያወጣበት ይሞክራል። ብየዳው የደደረበት ቦታ አለ፣ ሻፍቱም በሙቀቱ ይጎብጣል። ሁለት ጊዜ ተሸነፍኩበት።

ወደ ሻፍቴ ልመለስ። ዳዶው የወለቀበትን ሻፍት ይዤ ቶርኖ ቤት ሄድኩ። ባለሙያው ሸበት ያሉ ሰው ናቸው፣ በ1955 ዓ.ም በሶቭየት ኅብረት እርዳታ የተከፈተው የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ፣ ዛሬም ድረስ ፖሊ የምንለው ግቢ፣ የተማሩ።

«ጋሼ፣ ይህን ጥርስ ያስተካክሉልኝ» አልኳቸው።

አልመለሱልኝም። ሻፍቱን ቶርኖው ላይ አሰሩት፣ በእጃቸው ቀስ አድርገው አዞሩት፣ ብረቱ ሲዞር ምን ያህል እንደሚዘል በመርፌ የምታሳየውን መለኪያ ጥርሱ ላይ አስጠጉ። መርፌዋ ሄደች፣ ተመለሰች፣ ሄደች።

«አንተ ልጅ፣ ይሄ እኮ እስክስታ ነው የሚመታው» አሉኝ።

ከአንድ ሚሊ በላይ ይዘላል። ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። ፊሊየራ የራሱ መንገድ የለውም፣ የሰጣችሁትን ብረት ነው የሚከተለው። እኔ በሞረድ ያቀጠንኩት ጫፍ ደግሞ ክብም አልነበረም፣ መሐሉም አልነበረም። ጥርሱ ሲዘም ዳዶው በአንድ ጎኑ ብቻ ተቀመጠ። ፕሮፔለሩ በተንቀጠቀጠ ቁጥር ያ ጎን እየላላ ሄደ። ውስጥ በኩል ሻፍቱ የሚዞርበት ኩሽኔታም ተጎድቶ ነበር፣ ለብቻው ሌላ ወጪ።

ቶርኖ ላይ ግን ሻፍቱ በራሱ መሐል ላይ እየዞረ ነው የሚላጨው። ጫፉ ሲቀጥንም፣ ጥርሱ ሲወጣም ከማሰሪያው አይነሳም። ስለዚህ ሁለቱ አንድ መሐል አላቸው። ሚስጥሩ ይኸው ነው፣ ሌላ የለውም።

ቶርኖ ቤት ስትሄዱ ብረቱን ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ። ዳዶውንም ፕሮፔለሩንም ውሰዱ፣ እዚያው ገጥማችሁ እዩ። ዳዶው ከጠፋና የድሮው ጥርስ ካለ በማስመሪያ ለኩት፤ ከአንዱ ጫፍ ጀምራችሁ አሥር እርምጃ ቁጠሩ፣ 20 ሚሊ ከሆነ እርምጃው 2 ነው። ቁጥሩ እንዲህ ድፍን ካልመጣላችሁ የኢንች ጥርስ ሊሆን ስለሚችል ለባለሙያው ንገሩት። የኢንች ዳዶ ሚሊ ጥርስ ላይ ሁለት ሦስት ዙር ገብቶ ይነክሳል፣ ሰውም የጠበቀ ይመስለዋል።

ሦስት ነገር ደግሞ በአፋችሁ ጠይቁ፣ ካልጠየቃችሁ ላይሠራላችሁ ይችላል። ጥርሱ ከሚያልቅበት ቦታ ላይ ትንሽ አንገት እንዲቆረጥ፣ ዳዶው እስከ ትከሻው እንዲደርስ። ለኮፒሊያ፣ ዳዶው እንዳይፈታ ለሚይዘው ሽቦ፣ ቀዳዳ እንዲበሳ። ሻፍቱ ከማሰሪያው ሳይወርድ በፊት በመለኪያዋ እንዲዞርላችሁ። የኔ ሁለተኛ ሻፍት ሲዞር መርፌዋ ቆማ ነበር ማለት ይቻላል።

ዋጋው? የመጀመሪያው ሙከራዬ ርካሽ መስሎኝ ነበር። ብረት ሁለቴ ገዛሁ፣ ፕሮፔለር ገዛሁ፣ ኩሽኔታ ቀየርኩ፣ አራት ቀን ሳልሠራ ቆምኩ። የቶርኖው ክፍያ ከነዚህ ሁሉ ትንሹ ነበር።

ወረፋ ግን አለ። የመስኖ ፓምፕ ሥራ በሚበዛበት በበጋ ወራት በተለይ ትጠብቃላችሁ፣ «ነገ» የሚባለውም ነገ ላይሆን ይችላል። ስለዚህ የድሮው ሻፍት ሳይሞት ሁለተኛውን አሠርታችሁ አስቀምጡ። እኔ አሁን ጀልባዋ ውስጥ መለዋወጫ ዳዶና አራት ኮፒሊያ ግሪስ በተቀባ ጨርቅ ጠቅልዬ እይዛለሁ። አዲስ ሻፍት ከገባ በኋላም የመጀመሪያውን ጉዞ ሩቅ አልሄድም። ደርሼ እመለስና ጀልባዋን ዳር አውጥቼ ዳዶውን በእጄ እነካዋለሁ።