የቲዩብ ጊታር ፕሪአምፕ ፔዳልን ከኪት መገጣጠምና ድምፁን መቀየር

ኪት ከመምረጣችሁ በፊት አንድ ነገር አጣሩ፦ የቲዩቡ (ድምፁን የሚያጎላው የመስታወት ክፍል) ፕሌት፣ ማለትም ጅረቱን የሚቀበለው ብረት፣ ስንት ቮልት ያገኛል? አንዳንድ ኪቶች ከአዳፕተሩ የሚመጣውን 9 ወይም 12 ቮልት እንዳለ ለፕሌቱ ይሰጡታል። ቲዩቡ ይበራል፣ ድምፅም ያወጣል፤ ግን በዚህ ቮልቴጅ ድምፁ ይታፈናል፣ ለጣት አመታት የሚሰጠው ምላሽም ደካማ ነው። ሌሎቹ ኪቶች 12 ቮልቱን ወደ 200 ወይም 250 ቮልት የሚያሳድግ ትንሽ ሰርኪዩት አላቸው። ድካሙ የሚያዋጣው ለእነዚህ ነው፤ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ 12ኤኤክስ7 ቲዩብና 250 ቮልት ያለውን ኪት የሚመለከት ነው። ኢሲሲ83 የሚል ጽሑፍ ካያችሁ ያው ቲዩብ ነው፣ ስሙ ብቻ ነው የሚለየው።

250 ቮልት ይገድላል። አዳፕተሩ 12 ቮልት ስለሆነ አትዘናጉ፤ ከተነቀለ በኋላም ካፓሲተሮቹ ቮልቴጁን ይዘው ይቆያሉ። ኪቱ ከሌለው በከፍተኛው ቮልቴጅና በግራውንድ (የሰርኪዩቱ ዜሮ ቮልት) መካከል 220 ኪሎ ኦም፣ 1 ዋት ሪዚስተር ጨምሩ። 22 ማይክሮፋራድ ካፓሲተርን በግማሽ ደቂቃ ውስጥ ባዶ ያደርገዋል። እንደዚያም ሆኖ እጃችሁን ከማስገባታችሁ በፊት በቴስተር ለኩ፤ ከ5 ቮልት በላይ ካሳየ አትንኩ። ኃይል ባለበት ስትለኩ ጥቁሩን ገመድ ግራውንድ ላይ በመቆንጠጫ አስራችሁ በአንድ እጅ ብቻ ሥሩ፣ ሌላው እጅ ከብረቱ ይራቅ።

ብየዳው

ሪዚስተሮቹን በቀለም ሳይሆን በቴስተር ለዩ። በሰማያዊ ሪዚስተር ላይ ቀይና ቡናማ ይመሳሰላሉ፤ በፕሌቱ 100 ኪሎ ኦም ቦታ 1 ኪሎ ኦም ከገባ ቲዩቡ ማጉላቱን ያጣል ማለት ይቻላል። መጀመሪያ ሪዚስተሮቹን፣ ቀጥሎ ዳዮዶቹን፣ ከዚያ ካፓሲተሮቹን በይዱ። ትልልቆቹ ቀድመው ከገቡ ትንንሾቹ ሥር መድረስ ያስቸግራል። ኤሌክትሮላይቲክ ካፓሲተር አቅጣጫ አለው፣ ነጭ መስመር ያለበት እግር ኔጌቲቭ ነው። ከ250 ቮልቱ ጋር የሚገናኘው ቢያንስ 350 ቮልት የሚችል ይሁን። በኪቱ ውስጥ ልክ 250 የሚል ከመጣ ቀይሩት።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በዳዮዱ ነው። ቮልቴጅ አሳዳጊው ዩኤፍ4004 ይፈልጋል። 1ኤን4007 መልኩ አንድ ነው፣ የሚችለው ቮልቴጅም ስለሚበልጥ የተሻለ ይመስላል። ግን ቀርፋፋ ነው። ሰርኪዩቱ በሴኮንድ በአሥር ሺዎች ጊዜ እየበራ ሲጠፋ 1ኤን4007 በሰዓቱ መዝጋት አይችልም፤ ይግላል፣ ቮልቴጁም ይወርዳል።

የቲዩቡን መቀመጫ መጨረሻ ላይ በይዱ። እግሮቹ የሚቆጠሩት ከሥር ሲታይ፣ ከሰፊው ክፍተት ጀምሮ በሰዓት አቆጣጠር አቅጣጫ ከ1 እስከ 9 ነው። መቀመጫውን ቦርዱ ላይ ከተሳለው በተቃራኒው ፊት ካስገባችሁት ቁጥሩ እንደ መስታወት ይገለበጣል፣ ከፍተኛው ቮልቴጅም በማይገባው እግር ላይ ይወድቃል። የማይሠራ አሮጌ ቲዩብ ካለ ውስጡ ሰክታችሁ በይዱ፤ መያዣዎቹ ሳይጣመሙ ይቀመጣሉ።

ማሞቂያው (ቲዩቡን ከውስጥ የሚያግለው ሽቦ) በ12 ቮልት ሲሠራ ኃይሉ በእግር 4 እና 5 መካከል ይገባል፣ እግር 9 ባዶ ይቀራል፤ የሚወስደው 150 ሚሊ አምፒር ነው። በ6.3 ቮልት ከሆነ 4 እና 5 ይያያዙና ሌላው ጫፍ 9 ይሆናል። ሁለቱን ካምታታችሁ ማሞቂያው ይቃጠላል። ማሞቂያው ቀዝቃዛ ሳለ ከዚህ ብዙ እጥፍ ጅረት ስለሚስብ ደካማ አዳፕተር ሲበራ ይወድቃል። 1 አምፒር የሚሰጥ ያዙ።

መጀመሪያ መለካት፣ ጊታሩ በኋላ

ቲዩቡን ሳትሰኩ አብሩትና ከፍተኛውን ቮልቴጅ በትሪመሩ (ቦርዱ ላይ ባለችው ትንሽ ማስተካከያ) 250 ላይ አድርሱ። አጥፉ፣ እስኪወርድ ጠብቁ፣ ቲዩቡን ስኩ፣ እንደገና አብሩና አንድ ደቂቃ አሙቁት። 100 ኪሎ ኦም የፕሌት ሪዚስተርና 1.5 ኪሎ ኦም የካቶድ (ጅረቱ የሚነሳበት የቲዩቡ ክፍል) ሪዚስተር ካላችሁ፣ እግር 3 (ካቶድ) ላይ 1.2 ቮልት ገደማ፣ እግር 1 (ፕሌት) ላይ 170 ገደማ ታገኛላችሁ። ስሌቱ ቀላል ነው፦ 1.2 ቮልት ለ1500 ኦም ሲካፈል 0.8 ሚሊ አምፒር ይሆናል፤ ያው ጅረት በ100 ኪሎ ኦም ውስጥ ሲያልፍ 80 ቮልት ይጥላል፣ ከ250 ላይ 170 ይቀራል። ቲዩቡ ውስጥ ሁለት የማጉያ ደረጃዎች አሉ፤ ሁለተኛው እግር 8 (ካቶድ) እና 6 (ፕሌት) ላይ ነው፣ አለካኩም ተመሳሳይ ነው።

ቁጥሩ ከተዛባ ጥፋቱን ራሱ ይናገራል። ፕሌቱ 250፣ ካቶዱ ዜሮ ከሆነ ጅረት የለም፤ አብዛኛውን ጊዜ ማሞቂያው አልሠራም። ፕሌቱ 250 አካባቢ ሆኖ ካቶዱ ከተለመደው በላይ ከወጣ የካቶዱ ሪዚስተር ብየዳ አልያዘም። ካቶዱ ዜሮ፣ ፕሌቱ ደግሞ ዝቅ ያለ ከሆነ የካቶዱ ካፓሲተር ሾርት አድርጓል ወይም የብየዳ ሊድ በመካከል ፈስሷል። እግር 2 እና 7 (ግሪድ፣ የጊታሩ ምልክት የሚገባበት) ላይ ዜሮ መሆን አለበት፤ እዚያ ቮልት ካገኛችሁ ወይም ማዞሪያው ሲዞር የሚንጫጫ ከሆነ ከፊቱ ያለው ካፓሲተር ማገድ የሚገባውን ዲሲ (አቅጣጫው የማይለዋወጥ) ቮልቴጅ ያሳልፋል ማለት ነው።

ጩኸት ሲመጣ ዓይነቱን ለዩ። ቀጭን ፉጨት ከሆነ ምንጩ ቮልቴጅ አሳዳጊው ነው፦ የመግቢያውን ሽቦ ከሱ አርቁ፣ በሺልድ ገመድ ተኩት፣ ሺልዱንም በአንድ ጫፍ ብቻ ግራውንድ አድርጉት። በግሪዱ መግቢያ ያለው 68 ኪሎ ኦም ሪዚስተር ከእግር 2 ጋር ተጠግቶ ይቀመጥ፤ ራዲዮ ጣቢያ እንዳይሰማ የሚከላከለው እሱ ነው። ወፍራም እምምታ ግን ማሞቂያው በዲሲ ስለሚሠራ ከዚያ አይመጣም፤ አዳፕተሩን ለሌሎች ፔዳሎች ማካፈላችሁን ተዉና ለብቻው ሞክሩት። በእርሳስ ስትነኩት ቲዩቡ በድምፅ ማጉያው በኩል የሚደውል ከሆነ ይለወጥ፤ በእግር የሚረገጥ ዕቃ ውስጥ እንዲህ ያለ ቲዩብ አይሆንም።

ድምፁን መቀየር

አንድ ጊዜ አንድ ክፍል ብቻ ቀይሩ። ብዙ ለውጥ የሚያመጣው የካቶዱ ካፓሲተር ነው። 22 ማይክሮፋራድ ሁሉንም ድምፅ እኩል ያጎላል፤ በ0.68 ብትተኩት ባሱ ይቀንሳል፣ የተሰባበረው ድምፅም ጥርት ይላል። ጨርሶ ብታወጡት ማጉላቱ ከ60 እጥፍ ገደማ ወደ 30 አካባቢ ይወርዳል። ባሱ አሁንም ከበዛ በሁለቱ ደረጃዎች መካከል ያለውን 22 ናኖፋራድ በ4.7 ወይም በ2.2 ተኩ፤ 400 ቮልት የሚችል ይሁን።

ሻካራ፣ ለሮክ የሚሆን ስብራት ከፈለጋችሁ የሁለተኛውን ደረጃ የካቶድ ሪዚስተር ከ1.5 ወደ 10 ኪሎ ኦም አሳድጉ፣ ካፓሲተሩንም አንሱ። ቲዩቡ ጅረቱን ወደ መዝጋት ስለሚጠጋ ሞገዱን ከአንድ ወገን ቀድሞ ይቆርጠዋል። ማጉላቱ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ከፊቱ ያለው ደረጃ በሙሉ አቅሙ መሥራት አለበት።

ለለስላሳ ድምፅ ምንም ሳትበይዱ 12ኤዋይ7 መሞከር ትችላላችሁ፤ ማጉላቱ ከግማሽ በታች ነው። 5751 በመካከል ነው፣ ማሞቂያው ግን 175 ሚሊ አምፒር ይወስዳል። ኢሲሲ88ን ግን አትሰኩ። መቀመጫው ላይ በትክክል ይገባል፤ ማሞቂያው በእግር 4 እና 5 መካከል የሚፈልገው 6.3 ቮልት ስለሆነ በ12 ይቃጠላል።

መውጫው ለአምፕሊፋየር መግቢያ በጣም ኃይለኛ ከሆነና የድምፅ ማዞሪያው ገና ሲነካ የሚጮህ ከሆነ፣ ከማዞሪያው በፊት 220 ኪሎ ኦም በተከታታይ፣ 22 ኪሎ ኦም ደግሞ ወደ ግራውንድ ጨምሩ። የምልክቱ ቮልቴጅ ወደ አንድ አሥራ አንደኛ ያህል ይወርዳል፣ ማዞሪያውም በሙሉ ዙሩ የሚጠቅም ይሆናል። በእግር ስዊቹ ሲረገጥ የሚሰማው ጧታ ደግሞ ከመግቢያና ከመውጫ ወደ ግራውንድ በሚታሰሩ 1 ሜጋ ኦም ሪዚስተሮች ይጠፋል።