ሠራተኞች ሰው ሠራሽ አስተውሎትን ለመቆጣጠር ዝግጁ መሆናቸውን እንዴት እንመዝናለን?

ደብዳቤውን እንደ ቻትጂፒቲ ያለ ጽሑፍ የሚያዘጋጅ የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያ ቢያረቅቀውም ፊርማውና ማኅተሙ የመሥሪያ ቤቱ ነው። ስለዚህ የሚመዘነው ሠራተኛው የመሣሪያውን ስህተት አይቶ ለማስቆም ያለው ብቃት ነው።

በመጀመሪያ መሣሪያው የሚውልበትን ሥራና የሚያጣራውን ሰው በስም ይመዝግቡ። ራስን የማስገመገሚያ መጠይቅ መበተን ጊዜ ማባከን ነው፤ የሥልጠና የምስክር ወረቀትም አይበቃም።

ቀጥሎ ከሠራተኛው የዕለት ሥራ 10 ረቂቆችን ያዘጋጁና በ4ቱ ውስጥ ስህተት ያስገቡ። በአንዱ ላይ የጥቅምት 2017 ዓ.ም. ደብዳቤ በፈረንጆች 2025 ይባል፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ልዩነቱ 7 ዓመት እንጂ 8 አይደለምና። በሌላው 45 ኩንታል ማዳበሪያ 450 ኪሎ ግራም ይሁን። በሦስተኛው በኦሮሚያ ላለው ግራር ጃርሶ ወረዳ የሚጻፈው ደብዳቤ ግልባጩ በአማራ ክልል ላለችው ደብረ ብርሃን ይደረግ፤ ሰሜን ሸዋ የሚባል ዞን በአማራም በኦሮሚያም ክልል ስላለ፣ የኋለኛው ዋና ከተማም ፍቼ ስለሆነች፣ መሣሪያው ሁለቱን ቢያምታታ አያስገርምም። አራተኛውና ከባዱ የሌለ መመሪያ በቁጥር የሚጠቅስ ነው፤ አማርኛው ስለሚያምር አንባቢን ያዘናጋል።

የስህተቶቹን ብዛት አይንገሩ፤ ሰዓቱም የወትሮው ይሁን፤ ምክንያቱም በቂ ጊዜ ያገኘ ሰው በጥድፊያ ቀን የሚያልፈውን ስህተት በፈተና ላይ ሊይዘው ይችላል። ከእያንዳንዱ ረቂቅ ጎን እንዴት እንዳጣሩ ያጽፏቸው። «ትክክል ይመስላል» ማጣራት አይደለም፤ መመሪያውን ከመዝገብ ቤት አስወጥቶ ማመሳከር ግን ነው። መሣሪያውን መልሶ «እውነት ነው?» ብሎ የጠየቀ ሠራተኛ ገና አልደረሰም፤ መሣሪያው የራሱን ስህተት ደግሞ ሊያጸድቅ ይችላልና። ትክክለኛዎቹን ረቂቆች የጣለም እንዲሁ ሥልጠና ያስፈልገዋል።

ከዚያ ሠራተኛው ረቂቁን ለማስቆም ያለውን ሥልጣን ይመርምሩ። የአውሮፓ ኅብረት በ2024 ያወጣው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሕግ በአንቀጽ 14 ከፍተኛ ስጋት ያለባቸውን ሥርዓቶች የሚቆጣጠር ሰው ውጤቱን ወደ ጎን መተውና ሥርዓቱን ማስቆም እንዲችል ያዝዛል። እኛም ዘንድ «ኃላፊዎ ቶሎ ይውጣ ቢሉ ምን ያደርጋሉ?» ብለው ይጠይቁ። መልሱ ዝምታ ከሆነ የጎደለው የሠራተኛው ዕውቀት ሳይሆን የመሥሪያ ቤቱ ፈቃድ ነው፤ የማስቆም ሥልጣኑን በጽሑፍ ይስጡ።

የባለጉዳይ ስምና ስልክ ቁጥር ወደ መሣሪያው እንዳይገባ የሚጠነቀቁ መሆናቸውንም ይዩ፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የግል መረጃን ይመለከታል።

ፈተናውን ከወራት በኋላ በአዳዲስ ስህተቶች ይድገሙት፤ መሣሪያው ደጋግሞ ልክ ሲሆን የሰው ንቃት ይላላል። ውጤቱን ግን ለቅጣት አያውሉት፤ አንድ ዓይነት ስህተት ያመለጠው ሠራተኛ ያንን ዓይነት ረቂቅ ለጊዜው ከባልደረባው ጋር ያጣራ።