ቀለሙ ሳይዛባ ፎቶን ማጥራት

ፎቶን የሚያጠራ ፊልተር ካሜራው ያልያዘውን ዝርዝር ከየትም አያመጣም። ሥራው ብሩህና ጨለማ ቦታዎች በሚገናኙበት ጠርዝ ላይ ብሩሁን ይበልጥ ማብራት፣ ጨለማውን ይበልጥ ማጥቆር ሲሆን፣ ዓይናችን የሰፋውን ልዩነት እንደ ጥራት ይቆጥረዋል። ቀለም የሚዛባው ፊልተሩ ይህን ፎቶው በተሠራባቸው በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ የቀለም ክፍሎች (ቻነሎች) ላይ ለየብቻ ሲያደርግ ነው። በአንድ ጠርዝ ላይ የሦስቱ ልዩነት እኩል ስለማይሆን አንዱ ብዙ፣ ሌላው ጥቂት ይገፋል፤ ስለዚህ ሰማይ ከበስተኋላው ባለ ቅርንጫፍ ወይም በከንፈር ዳር ቀድሞ ያልነበረ የቀለም መስመር ብቅ ይላል።

መፍትሔው ብርሃንን ከቀለም ለይቶ ብርሃኑን ብቻ ማጥራት ነው። ፎቶሾፕ በተባለው የፎቶ ማረሚያ ፕሮግራም አንዱ መንገድ ኢሜጅ ከሚለው ማውጫ ሞድ ውስጥ ገብቶ «ላብ ከለር»ን መምረጥ ነው፤ በዚህ አሠራር አንደኛው ቻነል ብርሃንን ብቻ ሲይዝ ሁለቱ ቀለምን ይይዛሉ፤ ፊልተሩም በመጀመሪያው ላይ ብቻ ይሠራል። ሥራው ሲያልቅ ጄፔግ የተባለው የፎቶ ፋይል ዓይነት ይህን ሞድ ስለማይቀበል ወደ አርጂቢ (ወደ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊው ሞድ) መመለስ ያስፈልጋል።

እኔ ግን አብዛኛውን ጊዜ የምመርጠው ሌላውን መንገድ ነው፤ ምክንያቱም ሞድ መቀየር በሌየር (በፎቶው ላይ በሚደረብ ንብርብር) የተሠራውን እርማት ሊያጠፋ ይችላል። የፎቶውን ሌየር ያባዙ፣ በቅጂው ላይ አንሻርፕ ማስክ የተባለውን የማጥሪያ ፊልተር ይጠቀሙ፣ ከዚያም የቅጂውን የማዋሐጃ ስልት ከ«ኖርማል» ወደ «ሉሚኖሲቲ» ይለውጡ። ቅጂው ብርሃኑን ብቻ ይሰጣል፤ ቀለሙ ከሥር ካለው ሌየር እንዳለ ይቀራል። ጥራቱ ከበዛ ደግሞ የቅጂውን ኦፓሲቲ (የድፍንነት መጠን) በማንኛውም ጊዜ መቀነስ ይቻላል።

ለስክሪን ለሚቀርብ ፎቶ በፊልተሩ ላይ አማውንት (የማጥራቱ ጥንካሬ) 100 በመቶ አካባቢ፣ ራዲየስ (ማጥራቱ ከጠርዙ የሚርቅበት መጠን) ከ0.5 እስከ 1 ፒክስል ጥሩ መነሻ ነው። ትሬሾልድን (ፊልተሩ እንደ ጠርዝ የሚቆጥረውን ትንሹን የብርሃን ልዩነት) ለሕንፃና ለቅጠል ዜሮ ላይ መተው ይቻላል፤ ለሰው ፊት ግን ወደ 3 ወይም 4 ከፍ ካልተደረገ የቆዳ ቀዳዳዎች ሁሉ አብረው ይጎላሉ። ይህ ሁሉ ሲሆን ፎቶው በ100 በመቶ መጠን መታየት አለበት፤ አንሶ በታየ ፎቶ ላይ የሚወሰን መጠን ሁልጊዜ ያሳስታል።

በላይትሩም ለሚሠሩ ሰዎች ጉዳዩ ቀላል ነው፤ የፕሮግራሙ ማጥሪያ ራሱ በብርሃን ላይ የሚሠራ ነውና። ማስኪንግ የሚለውን ተንሸራታች የኦልትን ቁልፍ ተጭነው ሲያንቀሳቅሱ የሚጠራው ቦታ ነጭ፣ የማይነካው ጥቁር ሆኖ ይታያል።

ሁለት ጉድለቶችን ግን ይህ ዘዴ አያድንም። በሌንሱ ምክንያት ቀድሞ የነበረ ሐምራዊ ጠርዝ ከማጥራቱ በፊት በሌንስ ማረሚያው መወገድ አለበት፤ ካልሆነ ይበልጥ ጎልቶ ይወጣል። በጠርዝ ዙሪያ የሚታይ ነጭ ጥላ ደግሞ የቀለም ችግር ሳይሆን የራዲየስ መብዛት ነውና ራዲየሱ ይቀነስ። ፎቶው መጠኑ የሚቀየር ከሆነም ቀድሞ ይቀየር፤ ለትልቁ የተመረጠ ራዲየስ ለትንሹ አይስማማውም።