የቼርኖቤልን ሰነዶች ስትመረምሩ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው ደሴና ኮምቦልቻ ሆነው ስለ ኒውክሌር አደጋ የጥናት ወረቀት ለሚጽፉ የታሪክና የምህንድስና ተማሪዎች ነው። ምሳሌዎቹ በአመዛኙ የቼርኖቤል ናቸው። ሚያዝያ 18 ቀን 1978 ዓ.ም. የፈነዳው፣ ያኔ በሶቪየት ኅብረት ሥር በነበረችው ዩክሬን ያለው የዚያ የኒውክሌር ጣቢያ 4ኛ ሪአክተር ብዙ ወረቀት አስጽፏል፤ የመንግሥት መግለጫ፣ የፈረቃ መዝገብ፣ የፍርድ ቤት ሰነድ፣ የሕክምና ካርድ፣ የወታደር ትዝታ፣ ሁሉም አለ። ከነዚህ አንዱም ወገንተኝነት የሌለበት አይደለም። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት ምንጩ ወደ ማን እንደሚያደላ፣ ለምን እንደሚያደላና ይህን ካወቅን በኋላ በየትኛው ጉዳይ ልናምነው እንደምንችል ነው።

«መንግሥት ዋሽቷል» ብሎ የመንግሥትን ሰነድ መጣል

ፍንዳታው ከደረሰ ሁለት ቀን ሆኖታል። ስዊድን ውስጥ ፎርስማርክ በተባለው የኒውክሌር ጣቢያ ያሉ መሣሪያዎች ከውጭ የመጣ ጨረራ አሳይተዋል። ያን ዕለት ማታ የሶቪየት ቴሌቪዥን ጥቂት ዓረፍተ ነገሮች አነበበ፦ በቼርኖቤል ጣቢያ አደጋ ደርሷል፣ አንድ ሪአክተር ተጎድቷል፣ ለተጎዱት እርዳታ እየተደረገ ነው፣ የመንግሥት ኮሚሽን ተቋቁሟል። በቃ። ፍንዳታው የደረሰበት ሰዓት የለም፤ የጨረራው መጠን የለም፤ ከአንድ ቀን በፊት ከፕሪፕያት ከተማ ወደ 49,000 የሚጠጋ ሰው በአውቶቡስ ተጭኖ መውጣቱም የለም።

ይህን መግለጫ ለአደጋው ስፋት ምስክር አድርጎ የሚጠቅስ ይሳሳታል። ጭራሽ የሚጥለውም እንደዚያው ይሳሳታል፤ መንግሥት በዚያች ማታ ሕዝቡ ምን ያህል ብቻ እንዲያውቅ እንደፈለገ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለምና። የወሎ ሰው ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ሕዝቡ በረሃብ ሲያልቅ ረሃቡን ያልጠቀሱ የዘመኑ የመንግሥት ወረቀቶች ስንት ሰው እንደሞተ አይነግሩንም፤ ሞቱ እንዴት እንደተሸፈነ ግን ይመሰክራሉ።

እንዲህ አድርጉ፦ አንድ ገጽ ለሁለት ክፈሉ። በግራ ሰነዱ የተናገረውን ገልብጡ፤ በቀኝ ጸሐፊው በዚያው ቀን ሊያውቀው ይችል የነበረውንና ያልተናገረውን ጻፉ። የቀኙን ዓምድ መሙላት የሚቻለው ሌሎች ሰነዶችን በቀንና በሰዓት ደርድሮ ነው፤ አድካሚ ቢሆንም የጥናቱ ፍሬ በአብዛኛው የሚገኘው እዚያ ነው።

ተቃራኒውን ወገን ንጹሕ አድርጎ መቁጠር

በዚያው ሳምንት ዩፒአይ የተባለው የአሜሪካ የዜና ወኪል 2,000 ሰው ሞቷል የሚል ወሬ አሰራጨ። ሁለት ሠራተኞች በአደጋው ዕለት ሞተዋል፤ 28 ሰዎች ደግሞ በአጣዳፊ የጨረራ ሕመም በዚያው ዓመት ሞተዋል። የሶቪየት መሪ ጎርባቾቭ ግንቦት 6 ቀን በቴሌቪዥን ቀርበው ምዕራባውያንን በውሸት ዘመቻ ሲከሱ እንዲህ ያለው የተጋነነ ወሬ ጥሩ መሣሪያ ሆነላቸው። አንዱ ወገን ሲደብቅ ሌላው ይገምታል፤ ግምቱ ሲከሽፍ የደበቀው ወገን እውነተኛ መስሎ ይታያል።

እዚህ ላይ የሚለየው ጸሐፊው ቦታው ላይ መኖሩና አለመኖሩ ነው። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን ሲደበድቡ የውጭ አገር ጋዜጠኞች ከተማዋ ውስጥ ነበሩ፤ የቀይ መስቀል ሆስፒታል መመታቱን የጻፉት አይተው ነው። የ2,000ው ወሬ ግን ፍንዳታውን ባየ ጋዜጠኛ የተጻፈ አይደለም። ሁለቱም «የውጭ ጋዜጣ» ስለተባሉ ብቻ በአንድ ሚዛን አይቀመጡም።

ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ሳይጠይቁ መቅዳት

ከሁሉም የከፋው ስህተት ይህ ነው፤ ቁጥር ወገን የሌለው ይመስላልና።

በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ወደ ላይ የተላለፈው የጨረራ መጠን 3.6 ሮንትገን (የጨረራ መለኪያ ነው) በሰዓት ነበር። ቁጥሩን የፈጠረው መሣሪያው ነው። በጣቢያው በእጅ የነበሩት መለኪያዎች የሚያነቡት ቢበዛ እስከ 1,000 ማይክሮሮንትገን በሰከንድ ነበር። ይህን በ3,600 ሰከንድ አባዙት፤ ልክ 3.6 ሮንትገን በሰዓት ይሆናል። 100 ኪሎ ብቻ በሚመዝን ሚዛን ላይ ሦስት ኩንታል ቢጫን መርፌው 100 ላይ እንደሚቆም ሁሉ፣ 3.6 ማለት «መሣሪያዬ ከዚህ በላይ አያይም» ማለት ነው። ፍርስራሹ አጠገብ የነበረው በሺዎች የሚቆጠር ሮንትገን በሰዓት ነበር። ሰነዱ አልዋሸም ማለት ይቻላል። ሰዎቹ ግን የመሣሪያውን ጣሪያ እያወቁ ቁጥሩን እንደ ልክ አድርገው አሳለፉት፤ ወገንተኝነቱ የገባው እዚያ ላይ ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ የጽዳት ዘማቾች፣ ማለትም ብክለቱን እንዲያጸዱ የተላኩ ሰዎች፣ የጨረራ መዝገብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 ለአንድ ሰው የተፈቀደው ከፍተኛ መጠን 25 ሬም፣ ማለትም 250 ሚሊሲቨርት ነበር (ሁለቱም ሰውነት የተቀበለው ጨረራ መለኪያ ናቸው)። ወሰኑን ያለፈ ሰው ከሥራው መነሳት አለበት፤ ምትኩን ማግኘት የአዛዡ ጭንቀት ነው። ለብዙዎች መለኪያ በነፍስ ወከፍ አልነበረም። ለአንድ ቡድን አንድ መለኪያ ይሰጥ ነበር፤ አንዳንዴም መጠኑ የሚሰላው የት ስንት ደቂቃ እንደቆዩ በመገመት ነበር። እንዲህ ባለ መዝገብ ላይ ቁጥሮች ከ25 ጥቂት ዝቅ ብለው ተከማችተው ታገኛላችሁ። የመዝገብ ቅጂ ካገኛችሁ ቁጥሮቹን በ5 ሬም እየከፈላችሁ ቁጠሩ፤ ከወሰኑ ሥር ጉብታ፣ ከወሰኑ በላይ ድንገተኛ ባዶ ከታየ ሰውነት የተቀበለውን ሳይሆን አለቃ የፈለገውን እያነበባችሁ ነው።

ሦስተኛው የሆስፒታል ቁጥር ነው። የኮሚኒስት ፓርቲው የበላይ አካል በሆነው በፖሊት ቢሮው የሥራ ቡድን የምሥጢር ቃለ ጉባኤ ላይ ግንቦት 4 ቀን 10,198 ሰዎች ሆስፒታል መግባታቸው፣ ከነሱም 345ቱ የጨረራ ጉዳት ምልክት ማሳየታቸው ተመዝግቧል። ከሁለት ቀን በኋላ ጎርባቾቭ ለሕዝብ የተናገሩት 299 ነው። በኋላ በሐኪሞች ምርመራ አጣዳፊ የጨረራ ሕመም የጸናባቸው 134 ሆኑ። 10,198ን ከ299 ጋር አጋጥሞ «በሠላሳ እጥፍ ዋሹ» የሚል ወረቀት ተሳስቷል፤ የመጀመሪያው ለምርመራ የገቡትንም ይጨምራል፣ ሁለተኛው ግን ታመዋል የተባሉትን ብቻ ነው። 299 የሚነጻጸረው ከ345 ጋር ነው። የ10,198ቱ ለሕዝብ አለመነገር ደግሞ ራሱን ችሎ የሚጻፍ ጉዳይ ነው።

በተጨማሪ ሰኔ 20 ቀን 1978 ዓ.ም. የሶቪየት ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር 3ኛ ዋና መምሪያ ስለ አደጋው፣ ስለ ሕክምናው ውጤትና ሠራተኞቹ ስለወሰዱት መጠን የሚገልጽ መረጃ ምሥጢር እንዲሆን አዟል። ማንኛውንም የሕክምና ሰነድ ስትጠቅሱ ከዚህ ቀን በፊት ይሁን በኋላ መጻፉን አብራችሁ መዝግቡ።

እያንዳንዱን ቁጥር ከመጥቀሳችሁ በፊት አራት ነገር ጻፉበት፦ መለኪያው ምንድነው (100 ሬም 1 ሲቨርት ነው፤ የአንድን ቁስ ጨረራ አመንጪነት ሲለኩ ደግሞ 1 ኪዩሪ 37 ቢሊዮን ቤኬሬል ነው)፣ በምን መሣሪያ ተለካና ጣሪያው የት ነው፣ የተቆጠረው ማን ነው፣ ቁጥሩ ከፍ ቢል መዝጋቢው ምን ይደርስበት ነበር።

ምሥጢር የነበረውን ሁሉ እውነት ማድረግ

የሶቪየት ደኅንነት መሥሪያ ቤት የኬጂቢ ወረቀቶች መከፈታቸው ትልቅ በረከት ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 የኬጂቢ ኃላፊ የነበሩት አንድሮፖቭ ለፓርቲው ማዕከላዊ ኮሚቴ ስለ ጣቢያው የግንባታ ጉድለት የላኩት ማስታወሻ አደጋው ከመድረሱ ሰባት ዓመት በፊት ምን ይታወቅ እንደነበር ያሳያል። ሆኖም የደኅንነት መሥሪያ ቤትም የራሱ ጥቅም አለው፤ ጥፋትን ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ማሳየት ሥራውን እንደሠራ ያስቆጥርለታል። የምሥጢር ማኅተም የሚነግረን አንባቢው ማን እንደነበር ብቻ ነው።

የቴክኒክ ሪፖርትን ከጥርጣሬ ነጻ ማውጣት

እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1986 ቫሌሪ ሌጋሶቭ የመሩት የሶቪየት ልዑክ በቪየና ለዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ሰፊ ማብራሪያ አቀረበ። ቅንነቱ ተደነቀ። ጥፋቱ ግን በዋናነት በፈረቃው ሠራተኞች ላይ ወደቀ፤ ኤጀንሲው በዚያው ዓመት ያወጣው ኢንሳግ 1 የተባለው ሪፖርትም ይህንኑ ተከተለ። እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው ኢንሳግ 7 ግን ሚዛኑን ወደ ሪአክተሩ ንድፍ አዞረው። የመቆጣጠሪያ ዘንጎቹ ሥር ግራፋይት ነበረ፤ የአደጋ ጊዜ ማጥፊያው ቁልፍ ሲጫን ዘንጎቹ ሲወርዱ ግራፋይቱ በሪአክተሩ ታችኛ ክፍል ያለውን ውሃ ቀድሞ እየገፋ ለጥቂት ሰከንዶች ኃይሉን ይጨምር ነበር። ማጥፊያው አቀጣጠለ ማለት ነው።

በሁለቱ ሪፖርቶች መካከል መጠየቅ ያለበት፣ መጀመሪያ ላይ ሠራተኛን መውቀስ ማንን ይጠቅም ነበር የሚለው ነው። ተመሳሳይ ሪአክተሮች በሌኒንግራድ፣ በኩርስክ፣ በስሞሌንስክና በኢግናሊና እየሠሩ ነበር። ሰው ካጠፋ ሰውን አስሮ ሥራው ይቀጥላል፤ ንድፉ ካጠፋ ሁሉንም መንካት ግድ ነው።

ምክትል ዋና መሐንዲሱ ዲያትሎቭ እ.ኤ.አ. በ1987 የአሥር ዓመት እስራት ተፈርዶባቸው፣ በኋላ በጻፉት ሁሉ ንድፉን ወቀሱ። ራሳቸውን እየተከላከሉ እንደነበር ግልጽ ነው። ግን ስለ ዘንጎቹ ያሉት በኢንሳግ 7 ተደግፏል። ጥቅም ያለው ምስክር ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ስለ ንድፉ ስንሰማቸው፣ በዚያች ሌሊት ራሳቸው ምን እንዳዘዙ ሲናገሩ ደግሞ ሌላ ምስክር እንጠራለን። ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ የሠራ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ ማሽን ሲሰበር የፈረቃው መዝገብና የጥገናው ሪፖርት አንድ ዓይነት ታሪክ አይጽፉም።

ትርጉምን፣ ሰዓትንና ቀንን እንደ ቀላል ማየት

ሩሲያኛው «አቫሪያ» እና «ካታስትሮፋ» ብሎ ብልሽትንና እልቂትን ይለያል። የሶቪየት መግለጫ የመረጠው የመጀመሪያውን ነው። በአማርኛ ሁለቱንም «አደጋ» ስንል ምርጫው ይጠፋል፤ ስለዚህ የሩሲያኛውን ቃል በፊደላችን ጽፋችሁ አስቀምጡ። «የኒውክሌር ፍንዳታ» ማለትም ቦምብን ያስመስላል፤ የመጀመሪያው ፍንዳታ የእንፋሎት ነበር ተብሎ ነው በሰፊው የሚገለጸው።

ጃፓንም ምሳሌ ናት። የፉኩሺማ ባለቤት የሆነው ቴፕኮ የሪአክተሮቹ እምብርት መቅለጡን ያመነው አደጋው ከደረሰ ከሁለት ወር በኋላ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ ቃሉን እንዳይጠቀሙ ከኩባንያው ፕሬዚዳንት ትእዛዝ እንደነበር ታወቀ። የጃፓን ፓርላማ ያቋቋመው መርማሪ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው ሪፖርት የእንግሊዝኛው መግቢያ ጥፋቱን ከጃፓን ባህል ጋር ሲያያይዝ በጃፓንኛው ላይ ያ አገላለጽ የለም። አንድ ሰነድ ለሁለት አንባቢ ሁለት ፊት አሳየ።

ሰዓትም አለ። ፍንዳታው በሞስኮ አቆጣጠር ከሌሊቱ 7 ሰዓት ከ23 ነው። በዚያ ወቅት ሞስኮ ከኛ በአንድ ሰዓት ትቀድም ስለነበር በኛ 6 ሰዓት ከ23 ነበር። ከውጭ ሰነድ «1፡23» ብላችሁ ከቀዳችሁ ደሴ ያለ አንባቢ ጠዋት ነው ብሎ ይረዳዋል፤ መቼ ማን አወቀ የሚለው ክርክር ሁሉ ደግሞ በሰዓታት ላይ የቆመ ነው።

የአንድን ሰው ምስክርነት ለአገሩ ሁሉ ማድረግ

ጦሳ ጉም ለብሶ ደሴ ሲዘንብባት፣ ሐረጎን ወርዶ ኮምቦልቻ የደረሰ ሰው ፀሐይ ሊያገኝ ይችላል። የቼርኖቤል ብክለትም እንዲሁ ዝናብ በወረደበት ነው የተከማቸው፤ ከጣቢያው ርቀው ቤላሩስ ውስጥ ያሉ የጎሜልና የሞጊሌቭ መንደሮች በጣም ሲበከሉ፣ በቅርብ ያሉ አንዳንድ ቦታዎች ቀለል ብሎላቸዋል። «እኛ ምንም አልሆንንም» ያለችው እናትና «መንደራችን ጠፋ» ያለው ገበሬ ሁለቱም እውነት ሊናገሩ ይችላሉ። መንደሩን ሳትጽፉ ቃላቸውን አትጥቀሱ።

ከዓመታት በኋላ የተሰጠ ቃል ሌላ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የጽዳት ዘማች ትዝታ ውስጥ በኋላ የሰማው ይገባል፤ የካሳና የጡረታ መብቱም በሚመሰክረው ላይ የተንጠለጠለ ሊሆን ይችላል። ይህ ውሸታም አያደርገውም፣ ሕመሙንም አያቃልልም። በትረካው ውስጥ ያየውንና የሰማውን በሁለት ቀለም ለይታችሁ አስምሩ፤ በግርጌውም ነገሩ የሆነበትንና የተነገረበትን ዓመት ጎን ለጎን ጻፉ።