ክላምፑ ሲነሣ፦ በልብ ቀዶ ሕክምና ደም ሲመለስ ጡንቻውን ከጉዳት መጠበቅ

በቀዶ ሕክምና ጊዜ የቆመ ልብ የሚጎዳው ደም ባጣበት ሰዓት ብቻ አይደለም። አዮርታውን (ከልብ የሚወጣውን ትልቁን የደም ቧንቧ) ይዞ የቆየው ክላምፕ (መቆንጠጫ) በተነሣባቸው የመጀመሪያ ደቂቃዎች ካልሲየም ወደ ሴሎቹ ይጎርፋል፣ ጎጂ የኦክስጅን ራዲካሎች ይፈጠራሉ፣ የማይቶኮንድሪያው (የሴሉ ኃይል ማመንጫ) ሽፋን ይከፈትና በሕይወት የቆየ ሴል ሳይቀር ይሞታል። እነዚህ ደቂቃዎች ጥድፊያ አይወዱም።

ጥበቃው ግን ልቡ ሲቆም ይጀምራል። አዮርታው በክላምፕ እንደተያዘ፣ 4 ዲግሪ ገደማ የቀዘቀዘ፣ አራት እጅ ደም ለአንድ እጅ ፈሳሽ የሆነ የፖታሲየም ካርዲዮፕሌጂያ (ልብን የሚያቆምና የሚጠብቅ ፈሳሽ) ስጡ፤ ለአዋቂ መጀመሪያ አንድ ሊትር ገደማ፣ ከዚያ በየ20 ደቂቃው ድጋሚ። ኢሲጂው (የልብ ኤሌክትሪክ ንባብ) ቶሎ ቀጥ ያለ መስመር ካልሆነ ወይ ክላምፑ በደንብ አልያዘም፣ ወይ የአዮርታ ቫልቩ ያፈሳል። የሚያፈስ ከሆነ ፈሳሹ ወደ ልብ ቧንቧዎች መሄዱን ትቶ ግራውን ክፍል ይነፋዋል። የቁርጥማት የልብ ሕመም በበዛበት በእኛ አገር ይህ ብርቅ አይደለም። ያኔ አዮርታውን ከፍቶ በቀጥታ በቧንቧዎቹ አፍ፣ ወይም በኮሮናሪ ሳይነስ (የልብ ጡንቻን ደም በሚሰበስበው ደም መላሽ) በኩል ወደ ኋላ መስጠት ነው። በሳይነሱ ስትሰጡ ግፊቱ ከ40 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ አይለፍ፤ ደም መላሹ ስስ ስለሆነ ይቀደዳል።

ሥራው ሲያልቅ፣ ክላምፑ ሳይነሣ 37 ዲግሪ የሞቀ የደም ካርዲዮፕሌጂያ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ስጡ። ሴሉ የከሰረውን ጉልበት የሚተካው ገና ሳይመታ ነው። አየሩን አስወጡ። ፐርፊውዥኒስቱ (የልብና ሳንባ ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ባለሙያ) የፓምፑን ፍሰት ዝቅ ያድርግ፣ ክላምፑ ይነሣ፤ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ደቂቃዎች የደም ግፊቱን 50 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ገደማ ያዙና ቀስ በቀስ ወደ 60 እና 70 አሳድጉ። በአንድ ጊዜ ከፍ ያለ ግፊት የተጎዱትን ጥቃቅን ቧንቧዎች ያሳብጣል።

ቬንቱን (ደሙን እየሳበ ልቡን ባዶ የሚያደርገውን ቱቦ) ለመንቀል አትቸኩሉ። ባዶውን የሚመታ ልብ የሚበላው ኦክስጅን ከሞላው በእጅጉ ያነሰ ነው። ልቡ ከተንቀጠቀጠ (ፊብሪሌሽን) እንዲሁ አይተው፤ የውስጠኛው የጡንቻ ሽፋን ደም አይደርሰውም። ሙቀቱንና ፖታሲየሙን አይታችሁ በውስጥ መቅዘፊያ (ልቡ ላይ በቀጥታ በሚያርፍ የኤሌክትሪክ ሰሌዳ) ከ10 እስከ 20 ጁል ስጡ።

ካልሲየምን በተመለከተ እናጥብቅ፦ ክላምፑ እንደተነሣ አይሰጥም። ግፊቱ ወርዶ እጅ ቢያሳክክም ጎርፉን የሚያባብስ እሱ ነው። ቢያንስ 10 ደቂቃ ጠብቁ፣ በደም ጋዝ ምርመራ መጠኑን እዩ፣ ዝቅ ካለ ብቻ ስጡ። ከፓምፑ መላቀቅ የሚጀመረው ከዚያ በኋላ፣ ምቱ ሲስተካከልና ፖታሲየሙ ከ5.5 ሚሊሞል በሊትር በታች ሲሆን ነው።